አንድ ዌስትጌት ወይስ ሁለት? መጀመሪያ ማኒፎልዱን እዩ

በማኅበራችን ልጆች መካከል የመኪና ወሬ ከተነሣ ቱርቦ ሳይነሣ አይቀርም። ቱርቦ ከተነሣ ደግሞ አንዱ "ዌስትጌቱን ሁለት አድርገው፣ ጉልበት ይጨምርልሃል" ማለቱ አይቀርም። የአክስቴ ልጅ ሌክሰስ አይኤስ300 መኪናው ላይ ቱርቦ ሊያስገጥም ሲያስብ ዕቃ ሻጩም የነገረው ይህንኑ ነበር። መኪናው መጫወቻው አይደለም፤ የሌሊት ሥራ የሚመላለስበት ነው። ሞተሩ ቢሄድበት ሌላ መኪና የለውም። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አብረን ተቀምጠን አሰላነው። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ሆኖም ቫልቭ፣ ግፊትና ፍሰት እኛም ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚነሡ ነገሮች ናቸው። እዚህ የምጽፍላችሁ ከዚያ ስሌት የተማርነውን ነው።

ዌስትጌት ምን ይሠራል?

ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በቱርቦው አንድ ጎን ያለውን ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይኑ በአንድ ዘንግ ከኮምፕረሰሩ ጋር ስለተያያዘ ኮምፕረሰሩም አብሮ ይዞርና አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ችግሩ ነገሩ ራሱን በራሱ የሚያባብስ መሆኑ ነው። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ብዙ ሲቃጠል ብዙ ጭስ ይወጣል፤ ብዙ ጭስ ደግሞ ተርባይኑን ይበልጥ ያፈጥነዋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የሚገታው ካልተገኘ ወይ ቱርቦው ወይ ሞተሩ ይሰበራል። ዌስትጌት ማለት እንግዲህ ትርፉን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን አሳልፎ የሚለቅ በር ነው።

አብዛኞቹ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የሚወጡ መኪኖች በሩ ቱርቦው ውስጥ ተሠርቶላቸዋል። የእኛ ጥያቄ ግን ለብቻው ተገዝቶ በማኒፎልዱ ላይ ስለሚበየደው፣ የውጭ ስለሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቫልቩን አንድ ሞላ ዘግቶ ይይዘዋል። ከኮምፕረሰሩ በቀጭን ጎማ የሚመጣው ግፊት ዲያፍራሙን ይገፋል፤ ግፊቱ ሞላውን ሲያሸንፍ ቫልቩ ይከፈታል። ስለዚህ የመኪናው ዝቅተኛ ቡስት የሚወሰነው በሞላው ጥንካሬ ነው። በኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ከዚያ በላይ መውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በታች መውረድ ግን አይቻልም።

ስፋቱን በቁጥር

"ሁለት ከአንድ ይበልጣል" የሚለው ነገር እውነት የሚሆነው መጠናቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የክብ በር ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ ዓይን ይሸወዳል። አንድ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ዌስትጌት ወደ 2,827 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሁለት ባለ 38 ተደምረው 2,268 ብቻ ናቸው። ሁለት ባለ 44 ግን 3,041 ይሆናሉ፤ ትልቁን አንዱን ትንሽ ይበልጡታል። አንድ ባለ 50 ደግሞ 1,963 ነው፤ ከሁለቱ 38ዎች ያንሳል። ስለዚህ "ሁለት አለኝ" የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ "ስንት ሚሊ ሜትር?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለት ትንንሽ በሮች አንድ እውነተኛ ጥቅም አላቸው፤ ብዙ ሰው ግን አያነሣውም። ቫልቭ ሲከፈት ጭሱ የሚያልፈው በዙሪያው በሚፈጠረው ቀለበት መሰል ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት ከቀዳዳው ስፋት ጋር እኩል የሚሆነው ቫልቩ የዲያሜትሩን አንድ አራተኛ ያህል ሲነሣ ነው። ባለ 60 ለዚህ 15 ሚሊ ሜትር መነሣት አለበት፤ ባለ 44 ግን 11 ይበቃዋል። ሁለቱ ትንንሾች ባጭር እንቅስቃሴ ብዙ ጭስ ያሳልፋሉ ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን ለውሳኔ አይበቃም።

ዝቅተኛ ቡስት፣ ትልቅ በር

እኔን ብዙ ያስገረመኝ ይህ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሳስበው ትልቅ ዌስትጌት የሚያስፈልገው ትልቅ ቡስት ለሚፈልግ ሰው ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከፍ ያለ ቡስት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጭስ ወደ ተርባይኑ ይልከዋል፤ በጎን የሚለቀው ጥቂት ነው። ዝቅ ያለ ቡስት የሚፈልግ ግን ተርባይኑን ትንሽ ብቻ አሠርቶ ቀሪውን በሙሉ በጎን ማሳለፍ አለበት። ሞተሩ ትልቅ ሆኖ ቡስቱ ትንሽ ሲሆን ከበሩ የሚጠበቀው ሥራ ከሁሉም የከበደ ነው።

የአክስቴ ልጅ መኪና ልክ እንደዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2001 እስከ 2005 ሞዴል የተሸጠው አይኤስ300 2ጄዚ-ጂኢ የሚባል ባለ 3 ሊትር፣ በመስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር አለው። ዝነኛው የቶዮታ ሱፕራ ቱርቦ ሞተር የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የሱፕራው ለቱርቦ ስለተሠራ የመጨመቅ መጠኑ 8.5 ለ1 ነው፤ የአይኤስ300ው 10.5 ለ1 ነው፤ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ቢየላም ቀጠን ያለ ነው። ውስጡ ሳይነካ ቱርቦ ከተገጠመለት ቡስቱ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። እኛ የያዝነው 7 ፒኤስአይ ነው።

አሁን በሩ ጠባብ ነው እንበል። በ3,500 ዙር ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ 7 ላይ ይቆማል። ዙሩ ሲጨምር ጭሱ ይጨምራል። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ትርፉን ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ቡስቱ 8፣ 10፣ 12 እያለ ይወጣል። ይህ ቡስት ክሪፕ ይባላል። መቆጣጠሪያ ቢቀየር ወይም ለስላሳ ሞላ ቢገባ አይድንም፤ በሩ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ተከፍቷልና። ግፊቱ ሲያልፍ ሲሊንደሩ ውስጥ ከካንዴላው የተነሣው ነበልባል ሳይደርስበት ቀሪው ቅልቅል በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች "ሞተሩ ያንኳኳል" የሚሉት ነው። 10.5 ለ1 በሚጨምቅ ሞተር ላይ ጥቂት ሰከንድ እንኳ ፒስተን ለመስበር ሊበቃ ይችላል።

ቦዩን መቁጠር

አውሮራ ያለው ጋራዥ ውስጥ አዲስ አበባ ሳሉ ብዙ ዓመት መካኒክ የነበሩ አንድ አባት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ሞላ"ን፣ "ካንዴላ"ን፣ "ቢየላ"ን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ቤት ውስጥ ያደግሁበት አማርኛ የወጥ ቤት እንጂ የጋራዥ አልነበረም። ስሌቴን ሳሳያቸው ወረቀቱን አዩና "ልጄ፣ በሩን ትተሽ መጀመሪያ ቦዩን ቁጠሪ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ማኒፎልዱን ፈትተው ሲያሳዩኝ ነው።

ሞተር ጭስ የሚተፋው እንደ ልብ ምት በትርታ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2ጄዚ የሚያቀጣጥለው በ1-5-3-6-2-4 ተራ ነው። ኮሎው ሁለት ዙር (720 ዲግሪ) ሲጨርስ ስድስቱም አንድ አንድ ጊዜ ስለሚያቀጣጥሉ በየ120 ዲግሪው አንድ ትርታ ይመጣል። የአንድ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ግን ከዚያ በጣም ለረዘመ ጊዜ ክፍት ነው። ስለዚህ ስድስቱም ቱቦዎች አንድ ክፍል ውስጥ ከተገናኙ የአንዱ ጠንካራ ትርታ የሚደርሰው ሌላው ጭሱን ገና አውጥቶ ሳይጨርስ ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሲሊንደሩም ንጹሕ አየር የሚይዝበት ቦታ ያጥርበታል።

ትዊን ስክሮል የሚባለው ቱርቦ የተሠራው ለዚህ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት ሲሊንደሮች በአንድ ቦይ፣ ከ4 እስከ 6 ያሉት በሌላ ቦይ እስከ ተርባይኑ ጥርስ ድረስ ሳይገናኙ ይሄዳሉ። ተራውን መልሳችሁ እዩት፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ እየተፈራረቀ ነው የሚመጣው። በእያንዳንዱ ቦይ ውስጥ በትርታዎቹ መካከል 240 ዲግሪ ዕረፍት ይገኛል። በ1-3-4-2 ተራ በሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር ይጣመራሉ፤ ዕረፍቱም 360 ይሆናል። ቱርቦው በዝቅተኛ ዙር ቶሎ የሚነቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለት ዌስትጌት ትክክለኛው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቦይ ካለ ትርፉም ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንድ ዌስትጌት በአንደኛው ቦይ ላይ ብቻ ቢበየድ ሦስቱ ሲሊንደሮች ይተነፍሳሉ፣ ሦስቱ ታፍነው ይቀራሉ። ሁለቱን ቦዮች በአጭር ቱቦ አገናኝቶ አንድ ዌስትጌት ማስቀመጥ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ያ ቱቦ ቫልቩ ተዘግቶ እያለም በሁለቱ መካከል የተከፈተ መተላለፊያ ነው። ትርታው በዚያ እየሾለከ ይቀላቀላል፤ ለትዊን ስክሮል የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይሾልካል። የሚሠራው ሦስተኛ መንገድ ሁለቱን ቱቦዎች መካከላቸው ግድግዳ እያለ እስከ ቫልቩ አፍ ድረስ ማምጣት ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ይለያያሉ፤ ሲከፈት ቢገናኙም ያኔ የሚፈለገው ቡስት ደርሷል። ይህ ጥሩ በያጅ ይፈልጋል እንጂ የሚሠራ ዘዴ ነው። ፋብሪካዎችም በአንድ መዝጊያ ትዊን ስክሮል ያሠራሉ፤ ቢኤምደብሊው ከ2009 ጀምሮ ያወጣው ኤን55 ሞተር አንድ ትዊን ስክሮል ቱርቦ ከነውስጥ ዌስትጌቱ ይዞ ነው የመጣው። ጥሩ በያጅ የሌለው ሰው ግን ለእያንዳንዱ ቦይ አንድ አንድ ዌስትጌት ቢያደርግ ይሻለዋል።

ማኒፎልዱ ካልተከፈለ፣ ማለትም ስድስቱም ቱቦዎች አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዌስትጌት የሚለየው ነገር የለም። ስፋት ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ስፋት ደግሞ በአንድ ትልቅም ይገኛል። (ሁለት ቱርቦ ያለው መኪና ሌላ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ቱርቦ የራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል፤ እዚያ ምርጫ የለም።)

በእጅ ባትሪ የታየው

የአክስቴ ልጅ የገዛው ማኒፎልድ "ትዊን ስክሮል" ተብሎ ነበር የተሸጠለት። ከቱርቦው ጋር የሚገጥመው አፉ እውነትም ሁለት ቀዳዳ አለው። ጋሼ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ሲያበሩ ግን ግድግዳው ከአፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ስድስቱም ቱቦዎች አንድ ላይ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ገበያ ላይ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአፉን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የውስጡን ጠይቁ፤ ግድግዳው ቱቦዎቹ እስከሚሰበሰቡበት ቦታ ድረስ መድረሱን እዩ።

ቦታውም ሌላ ጉድ ነበረው። ለዌስትጌት የተተወው መውጫ ባለ 44 ሆኖ ከስድስተኛው ሲሊንደር ቱቦ ላይ በ90 ዲግሪ የተበየደ ነበር። በፍጥነት የሚሄድ ጭስ በደረቁ ተጠምዞ ወደ ጎን መውጣት አይወድም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል። ትክክለኛው ቦታ ስድስቱም ከተገናኙ በኋላ ነው፤ የመውጫው ቱቦም ከጭሱ አቅጣጫ ጋር ተጋድሞ መለየት አለበት። ቦታው የተበላሸበት ሰፊ በር ቦታው ካማረ ጠባብ በር ሊያንስ ይችላል።

ምርጫችን እንግዲህ ሁለት ሆነ። አንደኛው በእውነት የተከፈለ ማኒፎልድ ገዝቶ ሁለት ባለ 44 መግጠም፤ ሁለተኛው ያለውን ማኒፎልድ ይዞ የድሮውን መውጫ ዘግቶ መሰብሰቢያው ላይ አንድ ባለ 60 ማስበየድ። ገንዘብ ቢኖር እኔ የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር። እሱ ሁለተኛውን መረጠ፤ የተረፈውን ገንዘብም ለነዳጅና አየር ቅልቅል መለኪያ አዋለው። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሻጩ ያለውን ተከትሎ ሁለት ባለ 38 በዚያው ባልተከፈለው ማኒፎልድ ላይ ቢያስገጥም ኖሮ ብዙ ከፍሎ ያነሰ ስፋት ነበር የሚያገኘው።

ሁለት ሲሆን የሚከተለው ጣጣ

ሁለት ለመግጠም የወሰናችሁ ካላችሁ ሞላዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ግፊት የሚወስዱት ጎማዎችም ከአንድ መገንጠያ ተነሥተው እኩል ርዝመት ይኑራቸው። አለበለዚያ አንዱ ቀድሞ ይከፈታል፣ ሁለቱ ቦዮችም የተለያየ ግፊት ይይዛሉ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የአንዱ ዲያፍራም ሲቀደድ ነው። ያ ቫልቭ በደንብ መከፈት ያቅተዋል፤ ሌላው ግን እየሠራ ስለሆነ የቡስት መለኪያው ብዙ ላያሳይ ይችላል። አንዱ ኩላሊት ሲደክም ሌላው እየሸፈነለት የደም ምርመራው ደህና እንደሚመስለው ነው። በየጊዜው ሁለቱንም በእጅ ፓምፕ ግፊት እየሰጡ ለየብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ስለ ጭሱ መውጫ እንደ ነርሲንግ ተማሪ አንድ ነገር ልናገር። አንዳንዶች የዌስትጌቱን ጭስ ወደ ዋናው ቱቦ ከመመለስ ይልቅ ለድምፁ ሲሉ ከኮፈኑ ሥር በቀጥታ ይለቁታል። አሜሪካ ውስጥ በመንገድ መኪና ላይ ጭስን ከማጣሪያው በፊት መልቀቅ ሕገወጥ ነው። ከሕጉ ይልቅ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሽታ የለውም። የባሰው ደግሞ ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደው ኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን መለየት ስለማይችል የተመረዘ ሰው ላይ 98 ሊያሳይ መቻሉ ነው። እያንዳንዱ ዌስትጌት ተጨማሪ መጋጠሚያና ማሰሪያ ማለት ነው፤ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሲሞቅም ያፈሳል። ከረጅም መንገድ በኋላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት።

ከፍታው

ይህን የምጨምረው ብዙዎቻችን ዴንቨር አካባቢ ስለምንኖርና አንዳንዶቻችንም መኪና ወደ አዲስ አበባ ስለ መላክ ስለምናስብ ነው። የደም ግፊት 120 ስንል ከአካባቢው አየር በላይ 120 ማለታችን ነው። የዌስትጌት ሞላም እንዲሁ ነው፤ የሚያውቀው ልዩነቱን ብቻ ነው። 7 ፒኤስአይ ወደ 50 ኪሎፓስካል ገደማ ነው እንበል። በባሕር ወለል አየሩ ራሱ 101 ስለሆነ ሞተሩ 151 ያገኛል። በዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ 83 ስለሆነ 133 ይሆናል። በአዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ አየሩ 77 ያህል ስለሆነ 127 ይሆናል። ሞላው አንድ፣ መለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥርም አንድ፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግን የተለያየ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የባሕር ወለሉን 151 መልሶ ለማግኘት ኮምፕረሰሩ አየሩን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ መጨመቅ አለበት፤ በባሕር ወለል አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃው ነበር። ቱርቦው ይበልጥ ይፈጥናል፤ በጎን የሚለቀቀው ጭስ ደግሞ ያንሳል። ወደ ታች መውረድ ግን ተቃራኒ ነው፤ ለእኛ የሚያሰጋውም ይህኛው ነው። ዴንቨር ላይ በ133 የተስተካከለ መኪና በበጋ ለኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ቢነዳ ምንም ሳይነካ 151 ያገኛል፤ 13 በመቶ ገደማ ብልጫ ነው። ጭሱም ይበዛል፤ ዴንቨር ላይ የበቃ ዌስትጌት እዚያ ላይበቃ ይችላል። ቀዝቃዛ ሌሊትም አየሩን ስለሚያጠብቀው በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ነው። የቡስት መቆጣጠሪያው ይነቀልና ሞላው ብቻውን ይሠራል። በዳይኖ ላይ፣ ዳይኖ ከሌለም በተዘጋ ሜዳ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር ጀምሮ ሙሉ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሌላ ሰው መለኪያውን ብቻ ያያል። ከሞላው 2 ፒኤስአይ ካለፈ እግር ይነሣል፤ በሩ ወይም ቦታው አልበቃም ማለት ነው። የእኛው በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት አውሮራ ላይ በ3,500 ዙር 7 ይዞ በ6,000 ላይ 8 ሆነ። ጋሼ ኮምፒውተሩ ከ10 ሲያልፍ ነዳጅ እንዲቆርጥ አስደረጉና ከከፍታው ወርዶ ሳይደግመው ሙሉ ነዳጅ እንዳይሰጥ ነገሩት። የአክስቴ ልጅም ለሐምሌው ጉዞ መለኪያውን የማየቱን ሥራ ለእኔ ሰጥቶኛል።